የሳጉሬው በግና የትንሹ አንጎል ሊቅ

ሰው አርሲ የሚሄደው ጭላሎን ሊወጣ፣ የስንዴ ማሳ ሊያይ፣ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ነው። እኔ ሄጄ አንድ በግ አይቼ ተመለስኩ። እሱንም ቢሆን በትክክል አላየሁትም። ሚስቴ "ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስትተርክ ድምፅህ አለቀ፤ ጻፈውና ተገላገል" ስላለችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ማን መሆኔን ልናገር። አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የእንስሳት ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ አስተምራለሁ። ዶክተር ይሉኛል፤ ግን መርፌ የሚወጋው ዓይነት ሳልሆን መጽሐፍ የሚያገላብጠው ዓይነት ነኝ። የተማርኩት፣ የጻፍኩት፣ ተማሪ ያስለቀስኩበት ነገር አንድ ነው፦ ትንሹ አንጎል። ከማጅራት ከፍ ብሎ ከራስ ቅል በስተኋላ የተቀመጠ፣ አበባ ጎመን የሚመስል ነገር ነው። ሰው ስለ እሱ የሚያውቀው ሚዛን እንደሚጠብቅ ብቻ ነው፤ በግ ሳትንገዳገድ እንድትሄድ፣ ድመት ከአጥር ዘላ በእግሯ እንድታርፍ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ "እሱ ብቻ አይደለም!" እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንስሳው ሳያስበው በሚሠራው ነገር ሁሉ፣ በልብ ምቱ፣ በትንፋሹ፣ በደም ግፊቱ፣ በሆዱ መገላበጥ፣ ትንሹ አንጎል እጁን ያስገባል። አዛዡ ሌላ ነው፤ እሱ መጠን ያስተካክላል። ወጡን የምትሠራው ሠራተኛዋ ሆና፣ እየቀመሰች "ጨው አነሰው" የምትል የቤት እመቤት ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስደሰኩር ትንሹ አንጎሉ የታመመ አንድም በሕይወት ያለ እንስሳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት ብልቃጥ ውስጥ፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከረውን ነው። እሱ ደግሞ አይንገዳገድም።

ፋጡማ የሳጉሬ ልጅ ናት፤ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን በሩን ዘግታ "ጋሼ፣ የማስቸግርዎት ነገር አለኝ" አለች። እናቷ አምና አንጎላቸው ውስጥ ደም ቆሞባቸው ነበር። ቦታው ደግሞ እዚያው ነው፣ ትንሹ አንጎል። መጀመሪያ ዓለም ዞረባቸው፤ ከዚያ ትውከት፤ ከዚያ ለቀናት የማይለቅ ስቅታ። ተርፈዋል። ግን ሲራመዱ ይወላገዳሉ፣ ሲናገሩም ቃሉ ይጎተትባቸዋል። አሰላ ያያቸው ሐኪም "መድኃኒትሽ መራመድ ነው፤ ግፊትሽንም እየመጣሽ ተለኪ፤ ሁለተኛ ከመጣ አይምርም" ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ከቤት ንቅንቅ አልል ብለዋል። ቀጠሮ ያልፋል፣ ሌላ ይያዛል፣ እሱም ያልፋል።

"ለምንድን ነው የማይወጡት?"

"እኔንጃ ጋሼ፤ ደከመኝ ነው የሚሉት። የተማረ ሰው ግን ያከብራሉ። እርስዎ መጥተው ቢያስረዷቸው…"

"ፋጡማ፣ እኔ እኮ የበግና የውሻ ሰው ነኝ።"

"ትንሹ አንጎል አይደል እንዴ?" አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት።

እውነቱን ለመናገር የወሰንኩት ለእናቷ ብዬ ብቻ አይደለም። ደጋ ላይ በጎችን የሚይዝ አዙሪት የሚባል በሽታ አለ፤ ትል አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቶ ያዞራቸዋል። ከረጢቱ ትንሹ አንጎል ላይ ያረፈበት አንድ በግ ባገኝ፣ በማዳመጫ ልቡን ባዳምጥ… አፌ ውኃ ሞላ። ለሚስቴ "የታመሙ እናት ልጠይቅ ነው" ብዬ ማዳመጫዬን ከሸሚዝ ሥር ጠቅልዬ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ፋጡማ ቀድማኝ ሄዳለች። እኔ በማለዳ ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ። እስከ አዳማ ሰው ነበርኩ። ከአዳማ በኋላ ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ መውጣት ስንጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ነጋዴ ሴትዮ ፊቴን አይተው "መኪና ያምሃል እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"ኧረ በፍጹም!" አልኩና ማስተማር ጀመርኩ። "ሰውን መኪና የሚያመው እኮ ምክንያት አለው። ዓይን 'ተቀምጠናል' ይላል፤ ውስጠኛው ጆሮ 'እየሄድን ነው' ይላል፤ ክርክሩ ትንሹ አንጎል ዘንድ ይቀርባል፤ ዕዳውን ሆድ ይከፍላል። ውሻ እንኳ ከትንሹ አንጎሉ አንዲት ጥግ ብትነሳለት፣ መኪና ላይ አያስመልሰ…"

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። ሴትዮዋ ሽንኩርት ሊገዙበት የያዙትን ፌስታል በምን ፍጥነት እንደዘረጉልኝ ዛሬም ይገርመኛል። ሹፌሩ በመስታወት እያየ "አባቴ፣ ወንበሩን አደራ!" አለ። ሴትዮዋ ጀርባዬን እየመቱ ሎሚ አሸተቱኝ፤ "አይዞህ፤ ውሻው ተሽሎት ይሆናል፣ አንተ ግን ገና ነህ" አሉ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሆዴ ሲመለስ ሳቅሁ።

አሰላ ስወርድ ነፋሱ ጆሮዬን ጠመዘዘው። ኮተቤ ነው ቤቴ፤ "ብርድ እንደ ኮተቤ" እያልኩ ስፎክር በመኖሬ እዚያው መናኸሪያ ላይ ተፀፀትኩ። በአንድ በኩል ባጃጅ፣ በሌላ በኩል የፈረስ ጋሪ ይጠራኛል። ጋሪውን መረጥኩ፤ ፈረሱ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ከጀርባው አጠናለሁ ብዬ። ያጠናሁት ጅራቱን ነው።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ እኔ ገና በሩ ላይ ሳስነጥስ፣ ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስና የዝንጅብል ሻይ አመጣችልኝ። እኛ ሰፈር እንግዳ ካስነጠሰ መስኮት ነው የሚከፈተው። እንደዚያም ሆኖ ጉንፋኑ አልማረኝም፤ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ ተኛሁ። ይህን ጉንፋን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ሰበብ ያስፈልገኛል።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ሳጉሬ ገባሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው፤ ከተማዋ የእህል መጋዘንና ሱቅ። የፋጡማ አባት ኦቦ ከድር፣ ድሮ እህል ይነግዱ የነበሩ ረጅም ሽማግሌ፣ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ከመናኸሪያው እስከ ቤታቸው አጭር መንገድ ናት፤ ግን ከሚያገኙት ሰው ሁሉ ጋር ቆመው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይጠያየቃሉ። እኔ ኮተቤ ጎረቤቴን ሰላም የምለው በመኪና ጥሩምባ ነው።

የፋጡማ እናት አዴ ዘይነባ ሳሎን ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀይ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። "አልነሳም፣ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉ፤ እያንዳንዱን ቃል ለክተው የሚያስቀምጡ ይመስላሉ። ለምሳ ጩኮ ቀረበ፤ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ አንድ ጉርሻ ከበላህ እስከ ማታ አትጠይቅም። በዚያ ላይ እርጎ። እኔ ግን ጉርሻዬን እየዋጥኩ ሥራዬን ጀመርኩ።

ከጓዳ ድንችና ጎመን አስመጣሁ። ድንቹ ትልቁ አንጎል፣ የጎመኗ ቁራጭ ትንሹ አንጎል። "አዴ፣ የርስዎ ሕመም እዚህች ጋ ነው" አልኩ ጎመኗን ይዤ። ሲነሱ ልባቸው ለምን እንደሚመታ፣ ስቅታው ከየት እንደመጣ፣ ሰውነታቸው ሳይታዘዝ የሚሠራውን ሥራ ማን እንደሚያስተካክለው፣ ቢራመዱ ደግሞ አንጎል እንዴት እንደሚለምድ፣ አንድ ሳላስቀር ተነተንኩ። ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ያጨበጭቡ ነበር። (ተማሪዎቼ አጨብጭበው አያውቁም።)

"ገባዎት አዴ?"

"እሺ" አሉ። "ብላ፣ ጩኮው እንዳይደርቅ።"

ደስ ብሎኝ ውጭ ስወጣ ኦቦ ከድር ተከትለውኝ "ዶክተር፣ እሺ ካለች አትሄድም ማለት ነው" አሉ። "የምትሄድ ቢሆን ትከራከርዎት ነበር። ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ።"

ግቢያቸውንና የጎረቤቱን ግቢ የሚለየው የእንጨት አጥር ላይ አንድ መሹለኪያ አየሁ። እግር ያበጀው መንገድ ነው፤ አሁን ግን ሣር በቅሎበታል። "እዚያ እትዬ አስካለ ናት ያለችው፤ ክርስቲያን ናት፣ ከዘይነባ ጋር ልጆቻቸውን አብረው ነው ያሳደጉት" አሉ ኦቦ ከድር። "ቀን በዚህ፣ ማታ በዚህ ነበር የሚመላለሱት። አሁን እሷም ቀርታለች።" ለምን ስላቸው ወደ ሌላ ወሬ ዞሩ።

ሦስተኛው ቀን

ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ለዐረፋ የሚቀልቡት በግ ከጓሮ መጣ። መጣ ማለት ትክክል አይደለም፤ ፈሰሰ። የፊት እግሩ ወደ ገበያ፣ የኋላው ወደ መስጊድ ይሄዳል። አራቱንም እግሩን እንደ በርጩማ ከፍቶ ቆመ። ራሱ ይንቀጠቀጣል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሊዋጋ ተንደርድሮ በጎኑ ተዘረጋ።

ፋጡማ "ወዮ በጋችን!" ብላ ጮኸች። ኦቦ ከድር ክው አሉ። እኔስ? አላህም እግዜርም ይቅር ይበለኝ፣ በደስታ ዘለልኩ። ሮጬ ማዳመጫዬን አመጣሁ።

"አትንኩት!" አልኩ፤ ማንም አልነካውም ነበር። ተንበርክኬ ልቡን አዳመጥኩ፤ ይጋልባል። ትንፋሹ ያልተስተካከለ። ሆዱን አዳመጥኩ፤ ጸጥ። ማመስኳቱን አቁሟል። ዕድሜ ልኬን የጻፍኩት ሁሉ ሣር ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ያንከባልልልኛል!

ኦቦ ከድር ጎንበስ ብለው "አፉ ደስ የማይል ነገር ይሸታል፤ ሆምጣጣ" አሉ።

እኔ በጉንፋኔ ምንም አልሸተተኝም፤ ግን ሊቅ መልስ አያጣም። "ትክክል!" አልኳቸው። "ትንሹ አንጎል ሲታመም ሆድ ሥራ ያቆማል፤ የበላው ገብስ እዚያው ይቦካል። አዩ? አካሄዱ ብቻ አይደለም፤ ልቡ፣ ትንፋሹ፣ ሆዱ፣ ሁሉም! ትንሹ አንጎሉ ነው!"

"ይድናል?"

"አይድንም" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ያው ክፍል ውስጥ እንደምናገረው። "እዚህ ቦታ ከሆነ አለቀለት። ዛሬ ወይ ነገ ነው። ለዐረፋም አይሆንም፤ የታመመ አይታረድም አይደል?"

ኦቦ ከድር የሳሎኑን መስኮት አዩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እኔ ለምን እንደሚያዩ እንኳ አልጠየቅሁም፤ የበጉን ምራቅ እየለካሁ ነበር።

ምሳ ላይ ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ። አዴ ዘይነባ ግን ሰሐናቸውን ወደ ጎን ገፉት። ፋጡማ ለመነች፣ ሾርባ አመጣች፣ እርጎ አመጣች። "ጠግቤያለሁ" አሉ፤ ምንም ሳይቀምሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ፋጡማ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ያቺ ጭምት ልጅ እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። "ጋሼ፣ ትናንት እናቴን 'ትንሹ አንጎልዎ ነው' አሏቸው። ዛሬ በጉን 'ትንሹ አንጎሉ ነው፣ አለቀለት፣ ዛሬ ወይ ነገ ነው' አሉት። እናቴ መስኮቱ ሥር ነበሩ። አባቴን ምን እንዳሉት ያውቃሉ? 'በጉ ቀደመኝ' ነው ያሉት።"

ልቤ ማንም ሳያዝዘው ወደ እግሬ ወረደ። ላብ አጠመቀኝ። ሆዴ ያ ሁሉ ምሳ እንዳለበት ተገለባበጠ። ሁሉንም በስሙ አውቀዋለሁ፤ አንዱንም ማስቆም አልቻልኩም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ላስተካክል ብዬ ገባሁና፣ ጉድ እኮ ነው፣ አፌን የከፈትኩት "አዴ፣ ሰውና በግ አንድ አይደለም" በሚል ነው። አዩኝ። "እሺ" አሉ። ኦቦ ከድር ያሉትን አስታውሼ እሺ የሚለውን ቃል ጠላሁት።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ስወጣ ሟቹ በግ በሩ ላይ ቆሞ ያመሰኳል።

ዓይኔን አሸሁ። እያመሰኳ ነው። ቀረብ ብዬ ማዳመጫውን ላደርግበት ጎንበስ ስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና በቀጥታ፣ ዝንፍ ሳይል፣ ጉልበቴን መታኝ። ሚዛኑ እንከን የለውም። እኔ ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ከድር ከላይ ሆነው አዩኝ። "ይኼ ነው ዛሬ ወይ ነገ የሚሞተው?"

"አንጎል አንዳንድ ጊዜ… ራሱን ያለማምዳል…" ማለት ጀመርኩ።

"በአንድ ቀን? ሚስቴስ ዓመት ሞላት፤ ለምን አልለመደላትም?" አሉ። ከዚያም እስካሁን "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ፣ እጃቸውን ሰጥተው እያነሱኝ "ተነሥ አንተ፣ ጭቃ ነው" አሉኝ። ማዕረጌን እዚያው ጭቃው ላይ ትቼ ተነሣሁ። ቁርስ ቀረበ፤ አዴ ዘይነባ አሁንም አልነኩም። ቀጠሯቸው በማግስቱ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ በጉ ግራ ቀኙን አይቶ፣ እንደ ሰው ነው የምላችሁ፣ ወደ አጥሩ መሹለኪያ ሄደና ገባ። ተከተልኩት። እሱ ያለፈበት ቀዳዳ እኔን አላሳለፈኝም፤ ሱሪዬ ሚስማር ላይ ተያዘ፤ ግማሽ አካሌ የእስላም ግቢ፣ ግማሹ የክርስቲያን ግቢ ሆኖ ቀረሁ። እዚያው እንደተንጠለጠልኩ አየሁት። ጥላው ሥር ትልቅ ሳፋ ሙሉ የጠላ ድፍድፍ ተቀምጧል፤ ውኃ ያልገባበት፣ ወፍራም፣ የአርሲ ገብስ ያፈላው። በጉ ክዳኑን በግንባሩ ገፍቶ እስከ ጆሮው ገብቶበታል።

"ሂድ! ሂድ አንተ ሰካራም!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ መጥረጊያ ይዘው ሲወጡ ከአጥሩ የበቀልኩትን እኔን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ትናንትም?" አልኳቸው።

"ትናንትም" አሉ። "በማርያም ይዤሃለሁ ወንድሜ፣ አትናገር! ለሚካኤል ዝክር የጠመቅሁት ነው። የዐረፋ በጋቸውን በጠላ አሰከርኩት ብዬ በየትኛው ፊቴ ልንገራቸው? ያኛው ሳይሽር?"

"የቱ ያኛው?"

መጥረጊያውን ጣሉ። "ዘይነባ ከሆስፒታል እንደወጣች፣ እኔ ቤት መጥታ ተጫውተን፣ ያን ቀን በዋናው በር ወጣች። ገበያ ነበር። እንዳመማት ዘመም ዘመም እያለች ስትሄድ ያዩ ሰዎች 'የከድር ሚስት ከአስካለ ጠላ ሰክራ ወጣች' አሉ። በጆሮዋ ሰማች። ጠላ በእጇ እንኳ ነክታ የማታውቅ ሴት! ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣችም። እኔም ወሬ እንዳልጨምርባት ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። ናፍቃኛለች እኮ! አንድ አጥር ነው የሚለየን።" አለቀሱ።

ድንቼና ጎመኔ ትዝ አሉኝ። ሴትዮዋ ልባቸው ለምን እንደሚመታ ማን ጠየቀኝ? "እትዬ አስካለ" አልኳቸው፣ "አዴ ዘይነባ በጉ በእሳቸው ሕመም የሚሞት መስሏቸው ምግብ ትተዋል። እንዲመስላቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሚያድናቸው ደግሞ የእርስዎ ድፍድፍ ነው።"

ነጠላቸውን እንኳ አልለበሱም። እኔን ከሚስማሩ ላይ በአንድ እጃቸው ገፍተው (ሱሪዬ ተቀደደ) በመሹለኪያው አለፉ።

ሳሎን ገቡ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው በአንድ ትንፋሽ "ዘይኔ፣ በጉ አልታመመም። ድፍድፌን ጠጥቶብኝ ነው። ሰክሮ ነው። አፉ በይኝ" አሉ።

አዴ ዘይነባ ከግድግዳው ዞሩ። "ምን?"

"ሰክሮ ነው።"

"በጉ?"

"በጉ።"

አዴ ዘይነባ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ደንግጬ ሮጥኩና እጃቸውን ይዤ የልብ ምት መቁጠር ጀመርኩ። "ፋጡማ፣ ውኃ! ሁለተኛው መጣ!" ብዬ ጮኽኩ።

እየሳቁ ነበር።

እጃቸውን ከእጄ ነጥቀው ጉልበታቸውን መቱ። በዚያ በሚጎተት አንደበታቸው፣ በሳቅ እየተቆራረጡ፣ "እኔን ሲያመኝ ሰከረች አላችሁ" አሉ። "እሱ ሲሰክር ታመመ አላችሁ!" ይህን ሲሉ በጉ ራሱ ምስክር ሊሆን ይመስል ደጃፉ ላይ መጥቶ፣ ለመግባት ሞክሮ፣ የበሩን መቃን ገጭቶ ተቀመጠ። ኦቦ ከድር ሳቃቸውን ሊደብቁ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ግድግዳ ያዙ። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ይስቃሉ።

ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ከድር ቀስ ብለው "ሰምተሽ ነበር እንዴ ያን ወሬ?" አሉ። "አልሰማሽም ብዬ ነበር እኮ። እንዳትሰሚ ብዬ ነው ውጪ ብዬ ያላስገደድኩሽ።"

"እኔ ደግሞ አንተ እንዳትሰማ ብዬ ነው ቤት የተቀመጥኩት" አሉ አዴ ዘይነባ።

ኦቦ ከድር በጉ ለዐረፋ ይሆን እንደሆን ሊጠይቁ ሼሁ ዘንድ ደወሉ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሰማን፤ ከዚያ ዐረፋ ገና ስለሆነ ንጹሕ ሣር እየበላ ይቆይ፣ መሹለኪያውም ይዘጋ የሚል መልስ መጣ። አዴ ዘይነባ ግን "መሹለኪያው አይዘጋም፤ በጉ ይታሰር" አሉ። ከዚያ ጩኮ ጠየቁ። ሲበሉ አላየሁም እንዳይባል ቁጭ ብዬ እስኪጨርሱ አየሁ።

የገበያው ቀን

የቀጠሮው ቀን የሳጉሬ ገበያ ነው። ፋጡማ ባጃጅ በሩ ድረስ ላስመጣ ስትል እናቷ "ሐኪሙ ተራመጂ አይደል ያለኝ?" አሉ። እኔ ስለ ትንሹ አንጎል አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ የቦርሳ ተሸካሚነት ሹመት ተሰጥቶኝ ከኋላ ሆንኩ።

አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ገረጣ፤ አንገታቸው ላይ ደም ሥራቸው ሲመታ ይታየኛል። ውጭው ጋሪ፣ እህል የጫነ አህያ፣ ሰው ነው። ፋጡማ ግራ ክንዳቸውን፣ እትዬ አስካለ ቀኝ ክንዳቸውን ያዙ።

"ልቀቁኝ" አሉ። "ይዩኝ።"

ለቀቋቸው። እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ቀና እያሉ ወጡ። እትዬ አስካለ አጠገባቸው፣ ሳይነኳቸው፣ እጃቸውን ግን ለመያዝ አዘጋጅተው ይሄዳሉ። ገበያው ዳር በርበሬ የሚሸጡ ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ በጣቷ ጠቆመች። ጥርግ ብለን በፍጥነት ብናልፍ ብዬ ተመኘሁ።

አዴ ዘይነባ ቆሙ። ዞሩና በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ሄዱ።

"አካም ጅርታ ዘይነባ፣ ደህና ነሽ?" አለች የጠቆመችው፣ ተደናግጣ።

ሰው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነው። እሳቸውም "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ግን እዚያ ላይ አላበቁም። "አሞኝ ነው እንዲህ የምሄደው። አንጎሌ ውስጥ ነው። ሐኪም ዘንድ እየሄድኩ ነው። በጠላ አይደለም።" ቃሉ ቢጎተትም ድምፃቸው እስከ እህል በረንዳው ይሰማል።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በርጩማዋን አቀረበችላቸው። አዴ ዘይነባ አመስግነው አልተቀመጡም፤ ወደ ቀጣይዋ አለፉ። "ደህና ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ፤ አሞኝ ነው እንዲህ የምሄደው።" ከእሷ ወደ ጨው ነጋዴው። ከእሱ ወደ ልብስ ሰፊው። ኦቦ ከድር ከኋላ ሆነው በፎጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም የሰው ቦርሳ ተሸክሜ እንባዬ ይወርዳል፤ ጉንፋን ነው እንዳልል አፍንጫዬ ተከፍቷል።

መናኸሪያው ጋ የአሰላ ሚኒባስ ረዳት "ሞላ! ሞላ! የሚሄድ!" እያለ ይጮሃል። ፋጡማ "እማ፣ ኧረ ጥሎን ሊሄድ ነው!" ብላ ጠራች። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ፤ ቀጣዩ ተራውን ይዞ መጫን ጀመረ። አዴ ዘይነባ ገና ለሽንኩርት ነጋዴዋ እየነገሩ ነበር።